ቶም ኪልበርንና የጎደለው ገጽ፦ የከርነል የማኅደረ ትውስታ ጥንቃቄ አመጣጥ

አንድ የተጠቃሚ ፕሮግራም ከስርዓተ ክወናው አገልግሎት ሲጠይቅ፣ ለምሳሌ አንድ ጽሑፍ ዲስክ ላይ እንዲጻፍለት ሲፈልግ፣ ጽሑፉን ራሱን ለከርነሉ አያስረክብም፤ ጽሑፉ የሚገኝበትን አድራሻ ብቻ ይነግረዋል። ከርነሉም ወደዚያ አድራሻ ሄዶ ማንበብ ይኖርበታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አድራሻው ትክክለኛ ሆኖ ይዘቱ ለጊዜው ከዋናው ማኅደረ ትውስታ ወጥቶ ዲስክ ላይ ሊገኝ ይችላል። አድራሻው ጨርሶ የሌለ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ የከርነሉ የራሱ ቦታ፣ በስሕተት ወይም በተንኮል፣ የተጠቃሚ አድራሻ ተመስሎ ሊቀርብ መቻሉ ነው። ከርነሉ ሦስቱን ለይቶ፣ የመጀመሪያውን ታግሦ፣ ለሁለተኛው የስሕተት መልስ ሰጥቶ፣ ሦስተኛውን ከልክሎ፣ በዚህ ሁሉ መካከል ራሱ ሳይወድቅ መቀጠል አለበት።

ይህን መለየት የሚቻል ካደረጉት መሠረቶች ዋነኛው የተጣለው በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ፣ አትላስ በተባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። አትላስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 7 ቀን 1962 በይፋ ተመረቀ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የሥራው መሪ ቶም ኪልበርን ነበሩ። የአትላስ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከምናባዊ ማኅደረ ትውስታ ጋር ተያይዞ ነው። ሱፐርቫይዘር የተባለው የማሽኑ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ራሱን ከጉድለት የጠበቀበት ዘዴ ግን እምብዛም አይነሣም፤ ለዛሬ የከርነል ጸሐፊ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ይኸኛው ክፍል ነው።

የሚረሳ ማኅደር

ኪልበርን ኦገስት 11 ቀን 1921 በዮርክሸር፣ የሱፍ ሥራ በሚታወቅባት በዲውስበሪ ከተማ ተወለዱ። በካምብሪጅ ሲድኒ ሰሴክስ ኮሌጅ ሒሳብ አጠኑ። ጊዜው የጦርነት ስለ ነበረ ትምህርቱ አጠረ፤ በ1942 ኤሌክትሮኒክስን በአጭር ሥልጠና ከተማሩ በኋላ የራዳር ምርምር ወደሚካሄድበት ወደ ማልቨርን ተመደቡ። የቡድኑ አለቃ ፍሬደሪክ ዊልያምስ የሒሳብ ምሩቁን ወጣት ሲቀበሉ እምብዛም ደስ አላላቸውም ይባላል፤ የፈለጉት ልምድ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰው ነበር። ሁለቱ ግን ከዚያ በኋላ ለረዥም ዓመታት አብረው ሠሩ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዊልያምስ ወደ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት ሄዱ፤ በ1946 መጨረሻ ኪልበርንም ተከተሏቸው። የያዙት ጥያቄ አንድ ነበር፦ በራዳር ስክሪንነት የሚያገለግለውን የካቶድ ጨረር ቱቦ የቁጥር ማኅደር ማድረግ ይቻላልን? በቱቦው ገጽ ላይ የሚቀመጠው የኤሌክትሪክ ሙል ከሰከንድ ክፍልፋይ በኋላ ስለሚጠፋ ነጥቦቹ ያለማቋረጥ መነበብና መልሰው መጻፍ ነበረባቸው። ኪልበርን በ1947 ማለቂያ በአንድ ቱቦ ላይ 2048 ቢት ማቆየት ቻሉ።

ቱቦው በእርግጥ ለኮምፒውተር እንደሚሆን ለማረጋገጥ ግን ኮምፒውተር ያስፈልግ ነበር። ኪልበርንና ጄፍ ቱቲል ለዚሁ ሙከራ ሲሉ ትንሽ ማሽን ሠሩ፤ እያንዳንዳቸው 32 ቢት የሚይዙ 32 ቃላት ብቻ ነበሩት። ጁን 21 ቀን 1948 ከ262,144 አካፋዮች፣ ከራሱ ከቁጥሩ በስተቀር፣ ትልቁን የሚፈልግ የኪልበርን ፕሮግራም በዚህ ማሽን ላይ ለ52 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። በኤሌክትሮኒክ ማኅደር ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም በኮምፒውተር ሲካሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቤቢ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ይህ ማሽን በመሠረቱ የማኅደር መፈተሻ መሣሪያ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ኪልበርን ሥራቸውን የጀመሩት ካለማቋረጥ ካልተጠበቀ በሚረሳ ማኅደር ነው፤ ማኅደሩን ሁልጊዜ በቦታው እንደሚገኝ ሣጥን አድርገው ለማሰብ የሚያበቃ ምክንያት ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም።

ሁለት ደረጃ ያለው ሸክም

ከቤቢ የተወለደው የማንችስተር ማርክ 1 ከቱቦዎቹ በተጨማሪ ማግኔታዊ ከበሮ ነበረው። ቱቦው ፈጣንና ጠባብ፣ ከበሮው ሰፊና ዘገምተኛ ነው። የፌራንቲ ኩባንያ ይህን ንድፍ ለገበያ አዘጋጅቶ የመጀመሪያውን ማሽን በፌብሩዋሪ 1951 ለዩኒቨርሲቲው አስረከበ። ፕሮግራም ጸሐፊው የትኛው ክፍል መቼ ከከበሮ ወደ ቱቦ እንደሚመጣ፣ የትኛውስ ቦታ እንደሚለቅለት ራሱ ማሰብ ነበረበት። አንድ ከባድ ስሌት የሚጽፍ ተመራማሪ ከስሌቱ ይልቅ በዚህ ማጓጓዝ ይደክም ነበር። ገጽ የሚለው ስያሜ በዚያ ቤት ለእነዚህ ተጓጓዥ የመረጃ ክፍሎች የዋለው በዚህ ዘመን ነው።

በ1954 ቶኒ ብሩከር ያዘጋጁት አውቶኮድ ይህን ሸክም ከተጠቃሚው ላይ አነሣ፤ ነገር ግን ፍጥነት አስከፈለ። ሁለቱን ደረጃዎች አንድ አስመስሎ ማሳየት እንደሚቻል ከዚያ ወዲህ አከራካሪ አልነበረም። የቀረው ጥያቄ ይህን ማሽኑ ራሱ፣ ያለ ብዙ ኪሳራ፣ ሊሠራው ይችላል ወይ የሚለው ነበር። በርሊን ላይ ፍሪትዝ ሩዶልፍ ጉንትሽ በዚያው አሥር ዓመት ተቀራራቢ ሐሳብ በመመረቂያ ጽሑፋቸው አቅርበው ነበር፤ ሐሳቡን በሥራ ላይ በዋለ ትልቅ ማሽን ያሳየው ግን ማንችስተር ነው።

ኪልበርን በ1956 አንድን ትእዛዝ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ የሚፈጽም ማሽን ለመሥራት ተነሡ። ለዘመኑ ድፍረት ነበር። በ1959 ፌራንቲ በሥራው ሲተባበር ፕሮጀክቱ አትላስ ተባለ። ዴቪድ ኤድዋርድስ፣ ፍራንክ ሰምነርና ማይክል ላኒጋን በሃርድዌሩ በኩል፣ የፌራንቲው ዴቪድ ሃዋርዝ ደግሞ በሱፐርቫይዘሩ በኩል ከዋነኞቹ ሠራተኞች ነበሩ። ኪልበርን ንግግር የማያበዙ፣ ታይታ የማይወዱ መሪ እንደ ነበሩ የሥራ ባልደረቦቻቸው መስክረዋል።

ጉድለት እንደ ጥያቄ

አትላስ 16,384 ቃላት የሚይዝ የኮር ማኅደርና 98,304 ቃላት የሚይዙ ከበሮዎች ነበሩት። ለተጠቃሚው ግን አንድ ወጥ ማከማቻ ብቻ ይታየዋል። ማኅደሩ 512 ቃላት በሚይዙ ገጾች ተከፈለ፤ ለ32ቱ የኮር ገጾች 32 የገጽ አድራሻ መዝገቦች ተሰጡ። ፕሮግራሙ አንድ አድራሻ በጠራ ቁጥር የአድራሻው የገጽ ቁጥር ከሁሉም መዝገቦች ጋር በአንድ ጊዜ ይነጻጸራል። ከአንዱ ጋር ከተገጣጠመ ሥራው ይቀጥላል። ከየትኛውም ጋር ካልተገጣጠመ ማቋረጫ ምልክት ይነሣና ማሽኑ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ይዞራል። ሱፐርቫይዘሩ ገጹን ከከበሮ ያስመጣል፤ ፕሮግራሙም ካቆመበት ከዚያው ትእዛዝ ይቀጥላል። በመካከሉ ምን እንደ ተደረገ ፕሮግራሙ አያውቅም።

ከዚያ በፊት በሌለ ቦታ ላይ ማንበብ የፕሮግራሙ ጥፋት ብቻ ነበር። አትላስ ግን ጉድለትን መልስ ሊያገኝ የሚችል ጥያቄ አደረገው። ለዚህም ሁለት ነገሮች የግድ ያስፈልጋሉ፦ አንደኛው የተቋረጠው ትእዛዝ እንደገና ቢፈጸም ውጤቱ የማይበላሽ መሆኑ፣ ሁለተኛው ጥያቄውን የሚመልሰው አካል ራሱ በዚያው ጥያቄ ውስጥ አለመውደቁ ነው።

ሁለተኛው በጥንቃቄ የታሰበበት ነበር። አትላስ ሦስት የቁጥጥር ሁኔታዎች ነበሩት። የተጠቃሚው ፕሮግራም በዋናው ቁጥጥር፣ ፕሮግራሙ የሚጠራቸው የስርዓቱ አገልግሎቶች በኤክስትራኮድ ቁጥጥር፣ ማቋረጫዎችን የሚያስተናግዱት አጫጭር ፕሮግራሞች ደግሞ በማቋረጫ ቁጥጥር ይሠራሉ። የማቋረጫ ፕሮግራሞቹ የተቀመጡት ከኮር ገጾቹ ውጭ፣ ሊጻፍበት በማይችል ቋሚ ማኅደር ውስጥ ነበር፤ የሥራ ቦታቸውም ተጠቃሚው በማይደርስበት ትንሽ ረዳት ማኅደር ነበር። የገጽ ጉድለት የሚስተናገድበት መንገድ ራሱ የገጽ ጉድለት ሊደርስበት በማይችል መሬት ላይ ተሠራ ማለት ነው።

በየገጽ አድራሻ መዝገቡ ላይ ደግሞ አንዲት የመቆለፊያ ቢት ተጨመረች። አንድ ገጽ ከከበሮ ወይም ከቴፕ ጋር በመዘዋወር ላይ ሳለ፣ ወይም ገጹ ለጊዜው የቆመ የሌላ ፕሮግራም ንብረት ሲሆን፣ ቢቷ ትቆለፋለች፤ በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም ሊነካው ቢሞክር ማቋረጫ ይነሣል። እዚህ ላይ ገጹ አለ፤ የጎደለው ፈቃድ ነው። ያልመጣውንና ያልተፈቀደውን በአንድ የማቋረጫ መንገድ አስገብቶ በሱፐርቫይዘሩ ደጅ መለየት ዛሬም በየፕሮሰሰሩ የሚሠራበት ዘዴ ነው።

የድሬዳዋ አንባቢ ይህን አሠራር በቅርብ ከሚያውቀው ስፍራ ጋር ሊያነጻጽረው ይችላል። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ጀልዴሳ ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ መንገድ ላይ ቆላና ደጋ የሚገናኙባት ጣቢያ ነበረች። ከባሕሩ ጠረፍ የመጣው ጭነት በዚያ ከግመል ይወርዳል፤ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት የሚይዙት አህዮችና በቅሎዎች ነበሩ። ንብረቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያልፈው በታወቀ ቦታ፣ በታወቀ ርክክብ ነው። ያልደረሰ ጭነት ቢኖር የሚጠበቀው ጣቢያው ላይ እንጂ ዳገቱ መሐል ላይ አይደለም። የአትላስ ንድፍ ለሱፐርቫይዘሩ ያበጀለት እንዲህ ያለ ጣቢያ ነበር።

የትኛው ገጽ ከኮር ወጥቶ ቦታ ይልቀቅ የሚለውን ደግሞ የሚወስን ፕሮግራም ነበር። በየገጹ ላይ ለምን ያህል ጊዜ ሳይነካ እንደ ቆየና ከዚያ በፊት የነበረው ዕረፍቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ይመዘግባል፤ ካለፈው ዕረፍቱ የበለጠ የቆየውን ገጽ ሥራው እንዳበቃ ቈጥሮ ወደ ከበሮ ይመልሰዋል። አንድ የኮር ገጽ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ስለሚጠበቅ አዲሱ ገጽ የአሮጌውን መውጣት ሳይጠብቅ ይገባል። ኪልበርን፣ ኤድዋርድስ፣ ላኒጋንና ሰምነር ይህን ሁሉ ያብራሩበት ባለ አንድ ደረጃ ማከማቻን የተመለከተው ጽሑፋቸው በ1962 ታተመ።

ተቺዎች አልጠፉም። በእጅ የታቀደ ማጓጓዝ ከማሽኑ ግምት እንደሚበልጥ የሚያምኑ ባለሙያዎች ብዙ ነበሩ፤ በጥቂት ማኅደር ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ሲጨናነቁ ማሽኑ ገጽ በማመላለስ ብቻ ተጠምዶ ሥራ እንደሚያቆምም በሌሎች ማሽኖች ታይቷል። በአይቢኤም ዴቪድ ሴይር በ1969 ያወጡት ጥናት የማሽኑ ማጓጓዝ ከሰው እጅ የማያንስ መሆኑን ካሳየ በኋላ ክርክሩ በረደ።

ከቋሚው ማኅደር ወዲህ

የአትላስ መፍትሔ አንድ ገደብ ነበረው፤ ጥበቃው የተመሠረተው ሱፐርቫይዘሩ ትንሽ በመሆኑና ጉድለት ከማያውቀው ማኅደር በመሥራቱ ላይ ነው። የኋለኞቹ ከርነሎች በብዙ እጥፍ አደጉ፤ በየቅጽበቱም የተጠቃሚን ገጾች ማንበብና መጻፍ ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ ጉድለቱ ከርነሉ ራሱ በሥራ ላይ ሳለ ይመጣ ጀመር።

በቤል ላቦራቶሪዎች የተሠራው ዩኒክስ በ1975 በወጣው ስድስተኛ እትሙ ለዚህ ቀላል ዘዴ ነበረው። ከርነሉ የተጠቃሚን ቃል ከማንበቡ በፊት፣ ጉድለት ቢመጣ የት እንደሚዘለል በአንድ ተለዋዋጭ ላይ ያስቀምጣል፤ አንብቦ ሲጨርስ ያነሣዋል። ሊነክስ መጀመሪያ የተከተለው ሌላ መንገድ ነበር፤ አድራሻውን አስቀድሞ ከሂደቱ የማኅደር ካርታ ጋር አመሳክሮ ሕጋዊ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ይነካዋል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። አብዛኞቹ አድራሻዎች ትክክለኛ ሆነው ሳለ ለሁሉም የምርመራ ዋጋ ይከፈላል፤ ከዚህም በላይ በምርመራውና በንባቡ መካከል የዚያው ፕሮግራም ሌላ ክር ካርታውን ሊለውጠው ይችላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በ2.1 የልማት እትሞች፣ ሊነክስ አሠራሩን ለወጠ። ዛሬ ከርነሉ አስቀድሞ የሚመረምረው አድራሻው በተጠቃሚው ክልል ውስጥ መሆኑን ብቻ ነው፤ ይህም ቀላል የቁጥር ንጽጽር ነው። ከዚያ በቀጥታ ያነባል። የተጠቃሚን ማኅደር እንዲነኩ የተፈቀደላቸው የከርነል ትእዛዞች አድራሻ በአንድ ሠንጠረዥ ተመዝግቦአል፤ ከእያንዳንዱ ጎንም ንባቡ ባይሳካ የሚኬድበት የማስተካከያ ቦታ ተጽፎአል። ጉድለት ሲነሣ የጉድለት አስተናጋጁ ገጹን ማምጣት ከቻለ ያመጣዋል፤ ትእዛዙም እንደ አትላሱ ካቆመበት ይቀጥላል። ካልቻለ ጉድለቱን ያስነሣው ትእዛዝ በሠንጠረዡ መኖሩን ይመለከታል። ካለ ወደ ማስተካከያው ይዘላል፤ ፕሮግራሙም ኢፎልት የተባለውን የስሕተት መልስ ይቀበላል። ከሌለ ግን ያ የተጠቃሚ ስሕተት ሳይሆን የከርነል ብልሽት ነው፤ ሊታለፍም አይገባም። ማንኛውንም ጉድለት በደፈናው የሚውጥ ከርነል ያለ ጥርጥር የበለጠ አደገኛ ነው።

ንባቡ በመሐል ሊቋረጥም ይችላል። ስለዚህ ኮፒ ፍሮም ዩዘር የተባለው የሊነክስ ተግባር የሚመልሰው ያልተቀዳውን ባይት ብዛት ነው፤ ያልሞላውንም ቦታ በዜሮ ይሞላዋል፣ በዚያ ቦታ የነበረ የከርነሉ አሮጌ መረጃ እንዳያመልጥ። በማቋረጫ ውስጥ ወይም መተኛት የማይፈቀድ ቁልፍ ተይዞ ሳለ ደግሞ ገጽ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም፤ በዚያ ሁኔታ ገጽ የማስመጣቱ ሥራ ይታገድና ጉድለቱ ወዲያው ወደ ማስተካከያው ይሄዳል። ይህ የአትላስ የማቋረጫ ደንብ በሌላ መልክ ነው። በ2014 ለገበያ ከቀረቡት የኢንቴል ብሮድዌል ፕሮሰሰሮች ጀምሮ ደግሞ ከርነሉ ራሱ የተጠቃሚን ገጽ በዘፈቀደ እንዳይነካ በሃርድዌር ይከለከላል፤ በሩ የሚከፈተው በነዚሁ የመቅጃ ተግባራት ውስጥ፣ ለአጭር ጊዜ ነው።

አንድ ቀዳዳ ግን በሠንጠረዥም በሃርድዌርም አይደፈንም። ከርነሉ አንድን ርዝመት ከተጠቃሚው ማኅደር አንብቦ ትክክለኛነቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ ያንኑ ርዝመት ዳግም ከዚያው ቦታ ቢያነብ፣ በሁለቱ ንባቦች መካከል ሌላ ክር ሊለውጠው ይችላል። ጉድለት አይነሣም፤ ሁለቱም ንባቦች ይሳካሉ። መፍትሔው አንድ ጊዜ ብቻ ቀድቶ ቅጂውን መመርመር ነው። የጀልዴሳው ርክክብ እዚህም ይረዳል፤ ጭነት የሚቈጠረው ከግመሉ ወርዶ ተረካቢው እጅ ከገባ በኋላ ነው፤ በግመሉ ላይ ሳለ የተቈጠረ ከሆነ በመካከሉ የተለወጠውን ማንም አያውቅም። ለመሣሪያ ማሠሪያ ፕሮግራም የሚጽፉ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በዚህ ላይ እንጂ በጉድለቱ አያያዝ ላይ አይደለም።

የኋለኛው ዘመን

ኪልበርን በ1960 የኮምፒውተር ምህንድስና ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1964 በብሪታንያ የመጀመሪያ የሆነውን የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል በማንችስተር አቋቋሙ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነው ተመረጡ። ኤምዩ5 የተባለው ቀጣይ ማሽን በ1966 የተጀመረ ሲሆን፣ ንድፉ የአይሲኤል 2900 ማሽኖችን ቀርጿል። የማንችስተሩ አትላስ በ1971 ተዘጋ፤ ክፍሎቹም ተበታተኑ። በ1978 የሮያል ሜዳሊያን፣ በ1983 ደግሞ የኤከርትና ሞችሊ ሽልማትን ተቀበሉ። የማንችስተር ዩናይትድ ወዳጅ ነበሩ፤ ከሥራ ውጭ ስለ እርሳቸው በአደባባይ የሚታወቀው ከዚህ ብዙም አያልፍም።

በ1943 ያገቧቸው ባለቤታቸው አይሪን በ1981፣ ኪልበርን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ዐረፉ። ጁን 21 ቀን 1998፣ ልክ በ50ኛ ዓመቱ፣ እንደገና የተሠራውን ቤቢ ኪልበርንና ቱቲል በማንችስተር አስጀመሩት። ኪልበርን ጃንዋሪ 17 ቀን 2001 በ79 ዓመታቸው ዐረፉ። የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ የሚገኝበት ሕንፃ በስማቸው ይጠራል፤ ያ የቤቢ ምስለኛም በከተማው የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ይገኛል።